የሠራተኛ የመግቢያ ካርድ ምንድን ነው?

የሠራተኛ የመግቢያ ካርድ አንድ ሰው ወደሚሠራበት ሕንፃ፣ ፎቅ ወይም ክፍል ለመግባት በር አጠገብ ወደተገጠመ አንባቢ መሣሪያ የሚያስጠጋው፣ በውስጡ መለያ ቁጥር የያዘ የፕላስቲክ ካርድ ነው። ብዙ ጊዜ የባለቤቱ ፎቶግራፍና ስም ስለሚታተምበት ከመታወቂያ ጋር እንደ አንድ ነገር ይታያል፤ ይሁን እንጂ ሁለቱ የየራሳቸው ሥራ አላቸው። ፎቶግራፉና ስሙ የሚያገለግሉት ለጥበቃ ሠራተኛው ዓይን ሲሆን በሩ የሚያውቀው ቁጥሩን ብቻ ነው። የሌላ ሰው ካርድ ይዞ ለመጣ ሰው በሩ ያለ ምንም ማንገራገር የሚከፈተውም በዚህ ምክንያት ነው።

ካርዱን ቁልፍ ብሎ መጥራት የተለመደ ቢሆንም አጠራሩ ነገሩን በትክክል አይገልጸውም። ቁልፍ በራሱ ይከፍታል፤ ጥርሶቹ ከመቆለፊያው ጋር ከገጠሙ ሌላ ፈቃጅ አያስፈልገውም። ካርዱ ግን «ቁጥሬ ይህ ነው» ከማለት ያለፈ ሥልጣን የለውም። አንባቢው ቁጥሩን ተቀብሎ ብዙውን ጊዜ ከበሩ በስተውስጥ ወደተቀመጠ መቆጣጠሪያ ይልካል፤ መቆጣጠሪያውም ቁጥሩ በመዝገብ ውስጥ መኖሩን፣ ለዚያ በር ፈቃድ እንዳለውና ሰዓቱም የተፈቀደለት ሰዓት መሆኑን ካገናዘበ በኋላ የበሩን የኤሌክትሪክ መቆለፊያ ይለቅቃል፣ አለዚያም እንደተዘጋ ይተወዋል። ሙከራው ቢፈቀድም ቢከለከልም ከነሰዓቱ ይመዘገባል። ስለዚህ ካርድን መጠበቅ ማለት ሁለት ነገር መጠበቅ ነው፦ አንዱ በእጅ ያለው ፕላስቲክ ሲሆን ሌላው በመዝገብ ላይ በባለቤቱ ስም የተቀመጠው ቁጥር ነው።

በአንባቢ ላይ የሚጠጋው ካርድ ባትሪ የለውም። በውስጡ ያለው ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ቺፕና ከቺፑ ጋር የተገናኘ፣ በካርዱ ዙሪያ ደጋግሞ የተጠቀለለ ቀጭን የሽቦ አንቴና ነው። ያልታተመበት ነጭ ካርድ ከኋላው ጠንካራ ብርሃን ሲበራበት ጥቅልሉ እንደ ጥላ ሆኖ የሚታይበት ጊዜ አለ። አንባቢው ዘወትር በዙሪያው መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ ካርዱ ወደ መስኩ ሲገባ በአንቴናው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይመነጫል፤ ቺፑም በዚያው ኃይል ነቅቶ ቁጥሩን ይናገራል። መስኩ በሰከንድ የሚለዋወጥበት ብዛት ድግግሞሽ ይባላል፤ የቆዩት ካርዶች በአብዛኛው በ125 ኪሎኸርዝ፣ አዲሶቹ ደግሞ በ13.56 ሜጋኸርዝ ድግግሞሽ ይሠራሉ። ከባንክ ካርድ ጋር እኩል የሆነው የተለመደው ካርድ ርዝመቱ 85.6 ሚሊሜትር፣ ስፋቱ 54 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን ውፍረቱ ከ1 ሚሊሜትር ያነሰ ነው። ቺፑና አንቴናው የሚኖሩት በዚህች ስስ ፕላስቲክ ውስጥ ነው።

ካርድን ከሚገድሉት ነገሮች ቀዳሚው፣ በእኔ እይታ፣ ወረቀት መብሻ ነው። ይህን የምለው ራሴ ስላደረግሁት ነው፤ አዲስ ካርድ በተሰጠኝ ዕለት ማንጠልጠያ ላስገባበት ብዬ ከአናቱ በሳሁት፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮም የትኛውም አንባቢ መልስ አልሰጠኝም። ቀዳዳው ያረፈው አንቴናው በሚያልፍበት ጠርዝ ላይ ነበርና ሽቦው ተቆርጧል። የተቆረጠ አንቴና አይጠገንም፤ አዲስ ካርድ መጠየቅ ግድ ይሆናል። ማንጠልጠል ካስፈለገ አምራቹ ራሱ ቦታውን ለይቶ ያዘጋጀው ቀዳዳ ከሌለ ካርዱን የሚይዝ የፕላስቲክ ማቀፊያ መጠቀም ይገባል።

መተጣጠፍም ቢዘገይ እንጂ ጉዳቱ ተመሳሳይ ነው። በኋላ ኪስ ተቀምጦ በየቀኑ የሚታጠፍ ካርድ ከውጭ ደህና መስሎ ሳለ ቺፑና ሽቦው የተያያዙበት ነጥብ ቀስ በቀስ ይላላል፤ አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን አይሠራም፣ በመጨረሻም ጨርሶ ዝም ይላል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና የፊት መስታወት ሥር የተተወ ካርድም ይጣመማል። ውሃ ግን የሚፈራውን ያህል አይጎዳም፤ ቺፑ በፕላስቲክ ውስጥ የታሸገ ስለሆነ በዝናብ የራሰ ካርድ በለስላሳ ጨርቅ ቢጠረግ ይበቃዋል። ጠንካራ ማጽጃ ፈሳሽ ፎቶግራፉንና ጽሑፉን ሊያጠፋ ስለሚችል አይመከርም። ስልክ ወይም ማግኔት ካርዱን ያጠፋዋል የሚለው ስጋት ደግሞ ከቀድሞው ዓይነት የተወረሰ ነው፤ ማግኔት የሚያጠፋው በጀርባ ላይ ባለ ጥቁር መስመር የተጻፈን መረጃ እንጂ በቺፕ ውስጥ ያለውን አይደለም።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ካርዱን በአንባቢው ፊት ጠፍጣፋ አድርጎ ለአንድ አፍታ መያዝ ያስፈልጋል፤ ቶሎ ቶሎ ማወዛወዝ ወይም መፈተግ ምንም አይጨምርም። ከካርዱ ጋር የተጣበቀ ብረት፣ ሳንቲምም ሆነ የስልክ ጀርባ፣ መስኩን ያዳክመዋል። በአንድ ቦርሳ ውስጥ ያሉ ሁለት ካርዶችም በተመሳሳይ ድግግሞሽ የሚሠሩ ከሆነ ይጋጫሉ፤ ያለ ንክኪ የሚከፍል የባንክ ካርድ በ13.56 ሜጋኸርዝ ስለሚሠራ ከአዲሶቹ የመግቢያ ካርዶች ጋር አብሮ ሲቀርብ አንባቢው የማይፈለገውን ሊያነብ ወይም አንዱንም ሳያነብ ሊቀር ይችላል። ቦርሳውን እንዳለ ከማስጠጋት የመግቢያ ካርዱን ለይቶ ማውጣት ይሻላል።

በሩ አልከፈት ሲል ብዙ ሰው ካርዱ ተበላሸ ብሎ ይደመድማል፤ ነገር ግን አንባቢው ራሱ ፍንጭ ይሰጣል። ድምፅ ካሰማ ወይም መብራቱ ከተለወጠ ካርዱ ተነብቧል ማለት ነውና ችግሩ ያለው በፈቃዱ ላይ ነው፤ አዲስ ካርድ መጠየቅ ሳይሆን መዝገቡን የሚያስተዳድረውን ክፍል ማነጋገር ያስፈልጋል። አንባቢው ፍጹም ዝም ካለ ካርዱን በሌላ በር መሞከር፣ የሥራ ባልደረባንም በዚያው በር የራሱን ካርድ እንዲሞክር መጠየቅ ይበጃል። በዚህ መንገድ የተበላሸው ካርዱ ይሁን አንባቢው ወዲያው ይለያል።

ወደ ቁጥሩ ስንመጣ ጉዳዩ ይከብዳል። በ125 ኪሎኸርዝ የሚሠሩት የቆዩ ካርዶች በአብዛኛው ቁጥራቸውን ያለ ምስጢር ለጠየቃቸው ሁሉ ይናገራሉ፤ በቀላሉ በሚገኝ መሣሪያ በሰከንዶች ውስጥ ሊገለበጡ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1994 ለገበያ የቀረበውና በዓለም ዙሪያ የተስፋፋው ማይፌር ክላሲክ የሚባለው ዓይነት ምስጢራዊ ቁልፍ ቢኖረውም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 አሠራሩን ሰብረው አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ የተሻሻሉት ካርዶች አንባቢው በየጊዜው የሚለዋውጠውን ጥያቄ በምስጢራዊ ቁልፍ አስልተው ስለሚመልሱ የአንዱን ጊዜ መልስ ቀድቶ በሌላ ጊዜ መጠቀም አይቻልም። የትኛው ዓይነት እንደተሰጠው የማያውቅ ሠራተኛ ካርዱ ሊገለበጥ እንደሚችል አድርጎ ቢይዘው አይከፋም፤ ከሥራ ቦታ ውጭ ደረት ላይ አንጠልጥሎ መዞርም አያስፈልግም።

ካርዱን ፎቶግራፍ አንስቶ ማሳየትም እንዲሁ ነው። በብዙ ካርዶች ጀርባ ላይ ቁጥሩ በግልጽ ታትሟል። ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት በኖረው ባለ 26 ቢት አጻጻፍ (ቁጥሩ በ26 የዜሮና የአንድ ምልክቶች በሚጻፍበት) የተቋሙ መለያ ከ0 እስከ 255፣ የካርዱ ቁጥር ደግሞ ከ0 እስከ 65535 ብቻ ስለሆነ ቁጥሩን ያየ አዋቂ ካርዱን ሳይነካ አምሳያውን ለመሥራት መንገዱ ያጥርለታል። አዲስ ሥራ ያገኘ ሰው ደስታውን ለመግለጽ ካርዱን ፎቶ አንስቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲለጥፍ ስመለከት ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። በካርዱ ላይ የሕንፃውን አድራሻ መጻፍም ላገኘው ሰው በሩን ማመልከት ነው።

ካርድ ሲጠፋ ወዲያውኑ ማሳወቅ ያስፈልጋል። «ቤት ረስቼው ይሆናል» ብሎ መቆየት የተለመደ ስህተት ነው፤ ለዚህ የሚዳርገው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቸልተኝነት ሳይሆን ሐፍረት ወይም የመተኪያ ክፍያ ነው። ሆኖም ቁጥሩ ለጊዜው ሊታገድ፣ ካርዱ ሲገኝም ሊመለስ ይችላል። ከታገደበት ቅጽበት ጀምሮ የወደቀው ካርድ በማንም እጅ ቢሆን ተራ ፕላስቲክ ነው፤ ሳይታገድ በቆየባቸው ሰዓታት የተከፈተው በር ግን በባለቤቱ ስም ይመዘገባል።

ካርድ ማዋስ የሚከለከለውም ለዚሁ ነው። ካርዱን ላላስነበበ ሰው በር ይዞ ማሳለፍም እንዲሁ ነው፤ ይህ ግን እንደ ትሕትና ስለሚቆጠር ክልከላውን ማክበር ከባድ ነው፤ ከኋላ የመጣን የሥራ ባልደረባ በር ዘግቶ መሄድ ለማንም አይዋጥለትም። ይሁንና በሩን ይዞለት ራሱም ካርዱን እንዲያስነብብ መጠበቅ ሁለቱንም ያስታርቃል። በአንዳንድ ሕንፃዎች መግባቱ ያልተመዘገበ ካርድ ሲወጣ ስለሚታገድ ሳያስነብብ የገባው ሰው ከሰዓት በኋላ በር ላይ ቆሞ ይቀራል። እሳት ተነስቶ ሕንፃው ሲለቀቅም ውስጥ ማን እንደቀረ የሚቆጠረው ከዚህ መዝገብ ከሆነ በሌላ ሰው ካርድ ያለፈውን የሚፈልገው አይኖርም።

ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ ካርዱን ያስረክባል፤ ርክክቡ የሚያልቀው ግን ካርዱ መሳቢያ ውስጥ ሲገባ ሳይሆን ቁጥሩ በዚያው ዕለት ከመዝገብ ሲሰረዝ ነው። አስረካቢውም ስለ ስረዛው ማረጋገጫ ቢጠይቅ ከመብቱ አያልፍም፤ ሳይሰረዝ የቀረ ቁጥር እስከተሰረዘ ድረስ በእርሱ ስም በር ይከፍታልና።