ፔሌት ግሪል በአነስተኛ በጀት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ለገጣፎም ሆነ ሱሉልታ ግቢ ያላቸው ወዳጆቼ ስለ ፔሌት ግሪል ይጠይቁኛል። ፔሌት የተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራ፣ የመጻፊያ እርሳስ ውፍረት ያለው አጭር ቁራጭ ማገዶ ነው፤ ፔሌት ግሪል ደግሞ ሥጋ በዚህ ማገዶ የሚበስልበት ምድጃ ነው። ጥያቄያቸው ሁሉ ስለ ግሪሉ ዋጋ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ማገዶውንና መብራቱን አስቡ እላለሁ።

«ያው የከሰል ምድጃ ነው።»
አይደለም። ፔሌቱን ወደ እሳቱ የሚገፋው በሞተር የሚዞር ጠመዝማዛ ብረት ነው፤ እሳቱን የሚያናፍሰው ደግሞ ማራገቢያ። መብራት ሲጠፋ ሁለቱም ቀጥ ይላሉ። ጎድን በዝግታ ለማብሰል 5 ወይም 6 ሰዓት ይፈጃል። ያን ያህል ሰዓት መብራት እንደማይጠፋ በእኛ ሰፈር ማን ይተማመናል? ደግነቱ ሲቀጣጠል እስከ 300 ዋት ቢፈልግም ከዚያ በኋላ 50 ዋት ገደማ ይበቃዋል። ባትሪና የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚለውጥ አነስተኛ ኢንቨርተር በጀቱ ውስጥ ይግባ።

«ዘመድ ከአሜሪካ ካመጣልኝ ይረክሳል።»
የአሜሪካው ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የእኛው መስመር 220 ነው። በቀጥታ ከተሰካ የግሪሉ ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ቢያወርድም የእኛን መብራት ድግግሞሽ፣ 50 ኸርዙን፣ እንደ አሜሪካው 60 አያደርገውም፤ ስለዚህ አንዳንዱ ሞተር ዝግ ብሎ ይዞራል።

«ማገዶው ሰጋቱራ አይደል? ከአናጺ ቤት አመጣለሁ።»
እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ልቅ ሰጋቱራ ጠመዝማዛው ውስጥ ይታጨቃል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ጤናው ነው። የአናጺ ቤት ሰጋቱራ የኤምዲኤፍና የቺፑድ ሙጫ፣ የቫርኒሽም ቅሪት አለበት፤ ጭሱ ሥጋው ላይ ያርፋል፣ ልጆቻችሁም ይበሉታል። ለቤት ማሞቂያ የተሠራ ፔሌትም አይሆንም፤ ለምግብ ማብሰያ የሚል ይኑረው። በዝቅተኛ ሙቀት እንኳ በሰዓት ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ ይበላልና ግሪሉን ሳትገዙ ፔሌቱን ሁልጊዜ የምታገኙበትን ቦታ እወቁ። ክረምት ላይ ደግሞ እርጥበት ጠላቱ ነው። አንዱን ሰብራችሁ እዩት፤ ደረቁ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። እርጥበት የገባው አብጦ በጣት መሀል ይፈርሳል።

«ስም ያለው ካልሆነ አይረባም።»
ፔሌት ግሪልን መጀመሪያ ለገበያ ያቀረበው የአሜሪካው ትሬገር ኩባንያ የፈጠራ መብት በ1986 እ.ኤ.አ. ተሰጥቶ በ2006 አበቃ። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች ይሠሩታል። ከስሙ ይልቅ የብረቱን ውፍረትና የክዳኑን መግጠም እዩ።

«ጭሱ በበዛ ቁጥር ይጣፍጣል።»
ወፍራም ነጭ ጭስ ሥጋውን መራራ ያደርገዋል። የሚፈለገው ስስ ጭስ ነው።

«ፔሌት ግሪል ከሌለ የጭስ ጣዕም አይገኝም።»
ይገኛል፤ በጀት ለጠበበበት ሰው ምክሬም ይኸው ነው። በያጅ ጋ ሄዳችሁ በርሜል በቁመቱ አስከፍሉ፤ ማጠፊያ ያለው ክዳን፣ ታችና ላይ አየር ማስገቢያ ይኑረው። ከሰሉን በአንድ ወገን፣ ሥጋውን በሌላው አድርጉ። ከሰሉ ላይ የደረቀ የወይራ ፍልጥ ጣል አድርጉበት፤ የወተት ዕቃ የሚታጠንበት ያው ወይራ። በርሜሉ ኬሚካል የነበረበት አይሁን። ሥጋው የሚያርፍበትን ፍርግርግም በዚንክ ከተለበጠ ብረት አታሠሩ፤ ሲግል መርዛማ ጭስ ያወጣል።