የኤሌክትሪክ ሞተርን የፈረስ ጉልበት ማስላት፦ በአዳማ ወፍጮ ቤቶች

የሞተር የፈረስ ጉልበት ማለት ዘንጉ ላይ የሚወጣው ኃይል ነው፤ ከመስመር የሚስበው ሁሉ አይደለም። የቀረው በጥምጥሙ፣ በብረቱና በኩሽኔታው ሙቀት ሆኖ ያልቃል። አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ነው። ሞተሩ ላይ በተለጠፈው የመረጃ ታርጋ የተጻፈው ኪሎዋት የሚወጣው ስለሆነ ለ0.746 ማካፈል ብቻ ይበቃል፤ 7.5 ኪሎዋት 10 የፈረስ ጉልበት ነው። እዚህ ላይ ደግሞ በኤፊሸንሲ (ከሚስበው ኃይል ዘንጉ ላይ በሚወጣው ድርሻ) የሚያባዛ ሰው አለ፤ አንዱን ብክነት ሁለቴ መቀነስ ነው።

ሞተሩ እየሠራ ምን ያህል እንደሚሰጥ ለማወቅ ግን መለካት ያስፈልጋል። ባለ ሦስት ፌዝ የእህል ወፍጮ በ380 ቮልት 15 አምፔር ሲስብ፣ ፓወር ፋክተሩ (ከቮልትና ከአምፔር ብዜት በእውነት ኃይል የሚሆነው ድርሻ) 0.85፣ ኤፊሸንሲው 0.88 ከሆነ፦

1.732 × 380 × 15 × 0.85 × 0.88 = 7,385 ዋት፤ ለ746 ሲካፈል 9.9 የፈረስ ጉልበት። 1.732 የ3 ስኩዌር ሩት ነው፤ ለሦስት ፌዝ የሚገባ።

በሲንግል ፌዝ 1.732 ይቀርና ቮልቱ 220 ይሆናል።

ስሌቱ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ከፓወር ፋክተሩ ነው። ቺንጋውን አውልቀው ይህንኑ ሞተር ባዶውን ቢያስነሱት ክላምፕ ሜትሩ (ሽቦውን አቅፎ አምፔር የሚለካው መሣሪያ) 6 አምፔር ገደማ ሊያሳይ ይችላል። የታርጋውን 0.85 ይዞ የሚያሰላ ሰው 4 የፈረስ ጉልበት ያገኛል፤ ሞተሩ ግን ምንም እየፈጨ አይደለም። ባዶውን ሲዞር ፓወር ፋክተሩ ወደ 0.2ና ከዚያም በታች ይወርዳልና። ስለዚህ እህሉ እየወረደ፣ ሦስቱንም ፌዝ መለካት ነው። አንዱ ፌዝ ከተቋረጠ የቀሩት ሁለቱ አምፔር ሲጨምሩ ጥምጥሙ ይቃጠላል።

ቮልቱም በዚያው ሰዓት ከራሱ ከሞተሩ ተርሚናል ይለካ። ማታ ወደ 340 ቢወርድ አምፔሩ ይጨምራል፤ በ380 ያሰላ ሞተሩ የበረታ ይመስለዋል። የመጠምዘዝ አቅሙ ግን ወደ 80 በመቶ ወርዷል።

ታርጋው የጠፋ እንደሆነ ከእግሩ መቀመጫ እስከ ዘንጉ መሃል ይለካል። 132 ሚሊ ሜትር ሆኖ ዘንጉ 38 ሚሊ ሜትር ከወፈረና በደቂቃ 1,440 ገደማ ከዞረ፣ 5.5 ወይም 7.5 ኪሎዋት መሆኑ አይቀርም፤ ረዘም ያለው አካል 7.5 ነው።

የአዳማ ነገር ከፍታው ነው። የሞተር ታርጋ የሚሠራው እስከ 1,000 ሜትር ተብሎ ሲሆን ከተማዋ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ማቀዝቀዙ ይደክማል፤ ከ1,000 በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ቢቀነስ 10 የተባለው ወደ 9.3 ይወርዳል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቀኑን ሙሉ ሙሉ ጭነት ለሚሸከም ወፍጮ ቀጣዩን መጠን፣ ባለ 11 ኪሎዋቱን መግዛት ይሻላል።