የድሮ መኪና ሞተር ሙቀት ምርመራ በጎንደር

የሞተር ሙቀት ምርመራ ማለት ሞተር ከልኩ በላይ የሚሞቅበትን፣ አንዳንዴም በወጉ ሳይሞቅ የሚቀርበትን ምክንያት ተራ በተራ ፈልጎ ማግኘት ነው። በጎንደር ይህ ሥራ የራሱ መልክ አለው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። በሰሜን ሊማሊሞ፣ በምዕራብ የመተማ ቆላ አለ። የድሮ መኪኖች መመሪያ ግን በአብዛኛው ለአውሮፓ ሜዳ የተጻፈ ነው። ቁጥሮቹ እንዳሉ ከተወሰዱ ደህናውን ዕቃ ያስጥላሉ፣ የተበላሸውን ያሳልፋሉ። ይህ ዳሰሳ ከፋብሪካ መመሪያዎችና ከጋራዥ ልማድ የተሰባሰበ ነው።

መኪናና መንገድ

በመጋቢት 1928 ዓ.ም ከአሥመራ የተነሣ የጣሊያን ጦር በፋሺስት ፓርቲው ጸሐፊ በስታራቼ መሪነት በካሚዮን ተጭኖ ጎንደር ገባ። ወራሪው ከተማዋን የአማራ ግዛት ብሎ ለከለለው አገር ዋና ከተማ አደረጋት። ፒያሳ የዛሬ መልኩን የያዘው ያኔ ነው። የሊማሊሞ መንገድም የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ከደባርቅ ወጣ እንዳሉ መንገዱ እየተጠማዘዘ ገደሉን ይወርዳል። በመልሱ ያው ገደል ዳገት ይሆናል። በ1934 ዓ.ም ኅዳር ላይ የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ ጦር እጁን እስኪሰጥ ድረስ ጎንደር በምሥራቅ አፍሪካ የጣሊያን የመጨረሻ ምሽግ ነበረች። ጦሩ ሄደ፤ መንገዱ ቀረ። የጋራዥ ሙያውን ደግሞ የአገሬው ልጅ የራሱ አደረገው። ከዚያ በኋላ የጎንደር መካኒክ በሌለ መለዋወጫ መኪና ማስነሣት ሥራው ሆኖ ኖሯል።

ፊያት፣ ቮልስዋገን፣ ፔጆና ላንድሮቨር በየተራ መጡ። በደርግ ዘመን ላዳ ተጨመረ፤ ከፊያት 124 የተወለደ ስለሆነ ለመካኒኩ እንግዳ አልሆነም።

ከፍታውና የሚፈላው ውሃ

ውሃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ጎንደር ላይ 93 ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ስለዚህ የራዲያተሩ (የሞተሩ ውሃ የሚበርድበት ዕቃ) ክዳን ግፊት የማይዝ ከሆነ፣ የሙቀት ጌጁ ቀዩን ሳይነካ ውሃው ገንፍሎ ሊወጣ ይችላል። ሹፌሩ «ጌጁ ደህና ነው፣ ለምን ፈላ?» ብሎ ግራ ይገባዋል። እዚህ ላይ መጀመሪያ የሚታየው ክዳኑ ነው። 0.9 ባር ግፊት የሚይዝ ደህና ክዳን ጎንደር ላይ ውሃው የሚፈላበትን ነጥብ ወደ 115 ዲግሪ ያደርሰዋል። ጎማው ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ይህ ሁሉ ትርፍ ይጠፋል። ቢሆንም ያገኙትን ጠንካራ ክዳን መግጠም አይገባም። ፋብሪካው ከወሰነው በላይ ግፊት የድሮ ራዲያተር ብየዳ ይፈታል።

አየሩም ስስ ነው። ግፊቱ የባሕር ወለሉን ከአምስት አራት እጅ ያህል ነው። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚያነሣው ሙቀት ያንሳል።

ቴርሞስታትን፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋውን ዕቃ፣ በድስት ውሃ መሞከር የታወቀ ዘዴ ነው። ቴርሞስታቱ በክር ታስሮ የድስቱን ቂጥ ሳይነካ ይንጠለጠላል። ቴርሞሜትር አብሮ ይገባል። 82 የተጻፈበት ከሆነ 82 አካባቢ መሐሉ ቀስ ብሎ መላቀቅ ይጀምራል። ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ግን ከዚያ በ10 ዲግሪ ወይም ትንሽ በሚበልጥ አልፎ ነው። ጎንደር ላይ ድስቱ 93 ላይ ይቆማል። እሳቱ ቢጨመርም ውሃው ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። 88 የተጻፈበት ቴርሞስታት እንግዲህ ደህና ሆኖ ሳለ በግማሽ ተከፍቶ ይቀራል። ይህን ያላወቀ ሰው «ሞቷል» ብሎ ይጥለዋል። በዚህ ከተማ መታየት ያለበት በስንት ዲግሪ መከፈት እንደጀመረ ነው።

ቴርሞስታቱን ጭራሽ አውጥቶ መንዳት በአገራችን የተለመደ ነው። የሚደግፉት አሉ። ለሊማሊሞ ዳገት ይሻላል የሚሉም አይጠፉም፣ ምናልባት ለአንዳንድ ሞተር እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በጎንደር የጠዋት ብርድ እንዲህ ያለ ሞተር ቶሎ አይሞቅም። ቤንዚን ያባክናል፣ ዘይቱ ይበላሻል። ቴርሞስታቱ ሲከፈት የማለፊያውን ቱቦ እንዲዘጋ ተደርገው የተሠሩ ሞተሮች ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ዕቃው ሲወጣ ውሃው ራዲያተሩን ትቶ በአቋራጭ ይመለሳል፤ ሞተሩም የባሰ ይሞቃል።

መቼ ነው የሚሞቀው?

ጥሩ መካኒክ ቁልፍ ሳያነሣ ይህን ይጠይቃል። ከዚያ በፊት ግን ጌጁ ራሱ መመርመር አለበት። የሙቀቱና የቤንዚኑ ጌጅ አብረው ከፍ ካሉ፣ በተለይ በእንግሊዝ መኪኖች፣ ለጌጆቹ ቮልቴጅ የሚያመጣጥነው ትንሽ ዕቃ መበላሸቱን መጠርጠር ነው። ሞተሩ ምንም ላይሆን ይችላል።

መኪናው ቆሞ ወይም እየተንፏቀቀ የሚሞቅ ከሆነ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከአየር ጋር የተያያዘ ነው። የጥምቀት ዕለት ወደ ፋሲል መዋኛ የሚወስደውን መንገድ ያየ ያውቀዋል። ሰዉ መንገዱን ሞልቶ መኪና በአንደኛ ማርሽ ይሳባል፤ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር (በሚኒሞ) ሲሠራ ፋኑም በዝግታ ይዞራል። የላላ ቺንጋ (ፋኑን የሚያዞር ቀበቶ)፣ የተሰበረ የፋን ክንፍ፣ የጠፋ የፋን መከለያ የሚጋለጠው ያኔ ነው። በፔጆ 404 እና 504 ደግሞ ፋኑ በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚያያዝ ነው። ሲሞቅ ይያዛል፣ ሲበርድ ይለቀቃል። ሽቦው ከተቆረጠ ፋኑ በወጉ አይዞርም። ብዙዎች በቡሎን አስረው ሁልጊዜ እንዲዞር ያደርጉታል። ይሠራል፤ ድምፁ ይጨምራል፣ ትንሽ ጉልበትም ይበላል።

ሜዳ ላይ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ የሚሞቅ መኪና ግን በቂ ውሃ አይዞርለትም ማለት ነው። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ራዲያተሩ ነው። ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ፣ ፋኑ መቆሙ ታይቶ፣ የራዲያተሩ ፊት በመዳፍ ይዳሰሳል። ቀዝቃዛ ቦታ ከተገኘ እዚያ ያሉት ቱቦዎች ተዘግተዋል። የጉድጓድ ውሃ ራዲያተር ይዘጋል የሚባለው ልክ ነው፤ ማዕድን የበዛበት ውሃ እየተሞላ ሲኖር ነጭ ቅርፊት ይተዋል። መድኃኒቱ የላይኛውን ታንክ በሙቀት ፈትቶ ቱቦዎቹን በቀጭን ብረት መጥረግ፣ ከዚያ መልሶ መበየድ ነው። ከዚያ በኋላ ዝገት የሚከላከል ኩላንት መሙላት ይገባል። ጎንደር በረዶ የለም ተብሎ ኩላንት ሲናቅ እሰማለሁ። ዋና ጥቅሙ እዚህ ዝገትን መከላከልና የመፍያ ነጥብን ከፍ ማድረግ ነው።

ሌላው የታችኛው ጎማ ቱቦ ነው። የውሃ ፖምፓው ከራዲያተሩ ውሃ የሚስበው በእሱ ነው። ከለሰለሰ ወይም ውስጡ ያለው ስፕሪንግ ዝጎ ካለቀ፣ ነዳጅ ሲሰጥ ይጨፈለቃል። መኪናው ሲቆም ይመለሳል። ስለዚህ አንድ ሰው ነዳጅ እየሰጠ ሌላው ቱቦውን በዓይኑ ማየት አለበት።

የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መሐል ያለው ማሸጊያ) መቃጠሉ የሚለየው በቀዝቃዛ ሞተር ነው። የራዲያተሩ ክዳን ተከፍቶ ሞተሩ ሲነሣ ውሃው ውስጥ የማያቋርጥ አረፋ ከታየ ጋዝ እየገባ ነው። የዘይቱ መለኪያ ላይ የሻይ በወተት መልክ ከታየም ውሃ ከዘይት ተቀላቅሏል። የሞቀ ራዲያተር ክዳን ፈጽሞ አይከፈትም። ውሃ ያለቀበትና የጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ቴስታታውን ይሰነጥቃል።

ወደ መተማ መውረድ

ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል። በስስ አየር የተነሣ ካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ጎንደር ላይ ቤንዚን ያበዛል። ስለዚህ የደጋ መካኒክ የነዳጁን ቀዳዳ ያጠብበታል፣ እሳቱ የሚነሣበትን ጊዜም (ታይሚንጉን) ትንሽ ያስቀድመዋል። ለጎንደር ልክ ነው። ያው መኪና መተማ ሲወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ግን ያንሳል። ሞተሩ ይነድዳል፣ ይንኳኳል። ሙቀቱም ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ራዲያተሩ ምንም ሳይሆን መኪናው ይሞቃል። እሳት የሚፈነጥቀው ካንዴላ ወጥቶ ጫፉ ከነጣ ቤንዚን እንዳነሰው ይታወቃል።

ቮልስዋገን

የድሮው ቮልስዋገን ሞተር የሚበርደው በአየር ነው። ውሃ ስለሌለው የማይሞቅ የሚመስላቸው አሉ። ፋኑ ከዲናሞው ጋር በአንድ ቺንጋ ነው የሚዞረው። የዲናሞው መብራት እየሄዱ ከበራ ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው መቆም ነው። በቆዩት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ወደ 3ኛው ሲሊንደር በሚሄደው አየር መንገድ ላይ ስለተቀመጠ፣ ቀድሞ የሚጎዳው የዚያ ሲሊንደር የጭስ ቫልቭ ነው። በጥገና ጊዜ ተወርውረው የቀሩ የሞተር ዙሪያ ቆርቆሮዎችና ጎማዎችም ተፈልገው መመለስ አለባቸው። የጋለውን አየር ከቀዝቃዛው የሚለዩት እነሱ ናቸው።

ሙቀት የሚመስል ሌላ ችግር

መኪናው ሞቆ ይጠፋል፣ ሲበርድ ምንም እንዳልነካው ይነሣል። ውሃው ሙሉ ነው፣ ጌጁም ልክ ነው። ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ተንኖ ሊሆን ይችላል፤ ከፍታ ላይ ቤንዚንም ቶሎ ይተናል። የረጠበ ጨርቅ የቤንዚን ፖምፓው ላይ ጣል ተደርጎ መኪናው ከተነሣ ራዲያተሩን መፍታት አያስፈልግም። የቤንዚኑን ቱቦ ከጭስ ማውጫው ማራቅ ወይም መሐላቸው ቆርቆሮ ማስገባት ይበቃል።