የከፍተኛ ተራራ ኦሎንግ ምንድን ነው? ውሃውስ ለምን ይቀዘቅዝለታል?

«ስስ ሻይ ነው፤ በፈላ ውሃ ይቃጠላል፤ 80 ዲግሪ ይበቃዋል።» ስለ ከፍተኛ ተራራ ኦሎንግ የተሰጠችውን ይህችን ምክር ሰሞኑን እንደገና አየኋት። ጸሐፊው ቅጠሉ አረንጓዴ መሆኑን አየና አረንጓዴ ሻይ ነው ብሎ ደመደመ።

ኦሎንግ በአረንጓዴና በጥቁር ሻይ መካከል ያለ ሻይ ነው። የከፍተኛ ተራራ ኦሎንግ የሚባለው ታይዋን ውስጥ ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትርና ከዚያ በላይ የሚበቅል ሻይ ነው። ቅጠሉ ከአየር ጋር ተዋህዶ በጥቂቱ ብቻ ይጠይምና ተጠቅልሎ እንክብል ይሆናል። አሊሻን፣ ሻንሊንሺ፣ ሊሻን የቦታ ስሞች ናቸው፤ ተክሉ አብዛኛውን ጊዜ ቺንግሺን የሚባለው ዝርያ ነው። የወተት ጠረን አለው የሚባልለት ጂንሹዋን ሌላ ዝርያ ነው፤ በተፈጥሮው እንጂ ወተት ነክቶት አይደለም።

ሰው የሚስተው የከፍታውን ሥራ ነው። ተራራው ላይ ጉም ይወርዳል፣ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ቅጠሉ ቀስ ብሎ ያድጋል። እንዲህ ያደገ ቅጠል ወፍራም ነው፤ ምሬት የሚያመጣው ካቴኪን ያንስበታል፣ ለዛ የሚሰጡት አሚኖ አሲዶች ይበዙበታል። አረንጓዴ ሻይ ለብ ባለ ውሃ የሚዘፈዘፈው ከምሬቱ ለመሸሽ ነው። እዚህ ግን ሊሸሹት የሚገባው ምሬት ከመነሻው ጥቂት ነው። በዚያ ላይ ቅጠሉ በጨርቅ ተቋጥሮ ደጋግሞ ስለተጨመቀ ጠጥሯል፤ ለብ ያለ ውሃ ላዩን ያርሰዋል እንጂ ልቡ አይደርስም። የአበባ መዓዛውም ካልሞቀ አይነሣም።

«እኔ በፈላ ውሃ ሞክሬ መረረኝ» የሚል አይጠፋም። አምናለሁ፤ ግን ጥፋቱ የውሃው አይደለም። ወይ ቅጠሉ በዝቷል፣ ወይ ሻዩ ሲሠራ ተበላሽቷል። የታይዋን የሻይ ውድድር ዳኞች ሲቀምሱ 3 ግራም እንክብል በ150 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ ዘፍዝፈው 6 ደቂቃ ያቆዩታል። ለመጠጥ እንዲመች ሳይሆን ጉድለቱ እንዲወጣ ነው። ሲጠወልግ እርጥበቱ በወጉ ያልወጣለት ቅጠል እዚያ ላይ ምሬቱና የጥሬ ሣር ሽታው ይጋለጣል። ለብ ያለ ውሃ ይህን ይሸፍናል፤ ለሻጩ ይመቸዋል። ከፍታም ዋስትና እንዳልሆነ ሳልናገር አላልፍም፤ በደንብ የተሠራ የ1,100 ሜትር አሊሻን፣ ከፍ ብሎ ከሚበቅል ግን እንደነገሩ ከተሠራ ሊሻን ይሻላል።

አንዱ ቅጠል ደጋግሞ ውሃ ይፈስበታል፤ ለዚህ ደግሞ እኛ አቦል፣ ቶና፣ በረካ አለን። ብቻ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ቡና ኃይሉን የሚሰጠው አቦሉ ላይ ነው፤ ኦሎንግ አቦሉ ላይ ገና እየተፈታ ነው። ማንነቱ የሚታየው ቶናው ላይ ነው፤ በረካውም ብዙ ጊዜ ከቶናው አያንስም፤ ከዚያ በኋላ ስም ያልወጣላቸው አራተኛና አምስተኛ አሉ። አቦሉን ቀምሶ «ቀጭን ነው» ብሎ የሚነሣ እንግዳ ሻዩ ሳይመጣ ሄዷል ማለት ነው። ልዩነቱ፣ ኦሎንግ እንደ ጀበና እሳት ላይ አይመለስም፤ በየዙሩ አዲስ የፈላ ውሃ ይፈስበታል።

ለ100 ሚሊ ሊትር ውሃ 5 ግራም ገደማ ይበቃል፤ እንክብል በማንኪያ ያታልላልና በሚዛን ይሁን። መጀመሪያ 50 ሰከንድ ያህል፣ ሁለተኛው ቅጠሉ ስለተከፈተ ይጠር፣ ከዚያ በየዙሩ ይርዘም።

አዲስ አበባ ላላችሁ ደግሞ፦ ከተማዋ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከፍታው 8 ዲግሪ ቀንሶባችሁ ሳለ «ትንሽ ይቀዝቅዝ» የሚለውን ምክር ከጨመራችሁበት የሚቀረው ለብ ያለ ቅጠል ነው። በራዱን በፈላ ውሃ አሙቁት፣ ከማንቆርቆሪያው በቀጥታ አፍስሱ። ዱባይ ያለው ሰው 100ውን በሙሉ ያገኛል፤ እሱም አያቀዝቅዝ።

ቀዝቃዛ ውሃ የወደደ ሰው እስከ መጨረሻው ያቀዝቅዘው፦ ቅጠሉን በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፎ ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ ያሳድረው። ጣፋጭ ነው፤ ግን ሌላ መጠጥ ነው።