«ይሄ ክሪኬት አይደለም»፦ አባባሉ ምን ማለት ነው? አደሌድ ላይስ ምን ገጠመው?

እንግሊዝ አለቃ ወይም ጎረቤት ያለው ሰው ይህን አባባል አንድ ቀን መስማቱ አይቀርም። ወረፋ ዘሎ የገባ ሰው ይኖራል። ወይ ደግሞ ውሉ ላይ በጥቃቅን ፊደል የሰፈረች አንቀጽ መዝዞ ተጨማሪ ገንዘብ የጠየቀ አከራይ። ፖሊስ የሚጠራበት ጉዳይ አይደለም፤ ሕግ አልተጣሰም። እንግሊዙ ግን ፊቱን ቋጠር አድርጎ «ይሄ ክሪኬት አይደለም» ይላል። ክሪኬት አይቶ ለማያውቅ ሰው ግራ ያጋባል። መች ክሪኬት ነው ወጣን?

ትርጉሙ እንዲህ ነው፦ ሕጉ አይከለክልህ ይሆናል፣ ግን ነውር ነው።

እኛም ከጨዋታ ሜዳ የወጣ አባባል አለን። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እንላለን። ጌታና ሎሌ እኩል ይጋፋሉ፤ ዱላው ሩሯን ስቶ የጌታን ቅልጥም ቢያገኝ ቂም የለም። የእኛው አባባል ለአንድ ቀን ሥርዓቱን ያላላል። የእንግሊዞቹ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሜዳ ላይ ያለውን ሥርዓት አውጥቶ ንግዱንም፣ ፖለቲካውንም፣ ትዳሩንም ይለካበታል። ይሄ ትልቅ ሸክም ነው ለአንድ የኳስ ጨዋታ።

ሸክሙን የጫኑበት የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች ናቸው። ጀምስ ፓይክሮፍት የተባለ ቄስ በ1851 ስለ ጨዋታው ሲጽፍ አነጋገሩን ተጠቅሞበታል። (ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያኔ ነገሩ ስለ ጨዋታው ብቻ ነበር። እየቆየ ግን የሀብታም ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤቶች ክሪኬትን የጠባይ ማረቂያ አደረጉት። ዳኛ ሲፈርድብህ አትከራከር። ስትሸነፍ አጨብጭብ። በማይገባህ መንገድ አታሸንፍ። ከእነዚያ ትምህርት ቤቶች የወጡት ልጆች ወደ ሕንድ፣ ወደ ካሪቢያን፣ ወደ አውስትራሊያ እየሄዱ ሹመኛ ሆኑ። ጨዋታውንም አባባሉንም ይዘው ሄዱ። «ጨዋ ሰው ማለት እንዲህ ነው» ብለው ለሌላው ሕዝብ አስተማሩ።

አስተማሪ ደግሞ አንዳንዴ ተማሪው ትምህርቱን ከምሩ ይይዝበታል። ጥር 1933 አውስትራሊያ ውስጥ አደሌድ ከተማ ላይ የሆነው ይኸው ነው።

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ለዚህ ታሪክ የሚበቃችሁን ያህል ስለ ጨዋታው ልንገራችሁ። ከመቺው ጀርባ ሦስት እንጨቶች ቆመዋል። ወርዋሪው ተንደርድሮ መጥቶ 20 ሜትር ገደማ ላይ ኳሷን ይለቃታል፤ አንዱ ዓላማው እንጨቶቹን መምታት ነው። መቺው «ባት» በሚባለው ጠፍጣፋ ዱላው ኳሷን ያርቅና ከጓደኛው ጋር ቦታ ይለዋወጣል። አንዴ ሲለዋወጡ አንድ ራን ይቆጠራል። የተመታችው ኳስ መሬት ሳትነካ ከተቀለበች መቺው ወጣ፤ ተራው አበቃ ማለት ነው። ኳሷ በቆዳ የተለበጠች፣ 160 ግራም ገደማ የምትመዝን፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረች ናት። በአገሮች መካከል የሚደረገው ረጅሙ ግጥሚያ «ቴስት» ይባላል። ቀናት ይፈጃል። አዎ፣ ቀናት። የምሳና የሻይ ዕረፍት ሁሉ አለው።

እንግሊዝና አውስትራሊያ በዚህ ጨዋታ ከ1877 ጀምሮ ይተናነቃሉ። በ1930 ግን አንድ የ21 ዓመት አውስትራሊያዊ እንግሊዝን ብቻውን አንበረከካት። ዶን ብራድማን ይባላል። በአምስት ቴስት 974 ራን አስቆጠረ። ሊድስ ላይ በአንድ ቀን ብቻ 309። እንግሊዞች ይህን ሰው ምን እናድርገው ብለው ማሰብ ያዙ።

መልሱን ያመጣው አምበሉ ዳግላስ ጃርዲን ነው። ቦምቤይ ተወልዶ ኦክስፎርድ የተማረ፣ ፈገግታ የማያውቅ ሰው። ዘዴው ቀላል ነው። ፈጣን ወርዋሪዎችህ እንጨቶቹን ይርሱና ኳሷን አጭር አንጥረው በመቺው ጎድንና ጭንቅላት አቅጣጫ ይላኳት። በእግሩ በኩል ደግሞ፣ ማለትም መቺው በቆመበት ጎን፣ ቀላቢዎችህን አጠገቡ ኮልኩላቸው። መቺው ካልሸሸ ይመታል። ገላውን ለማዳን ባቱን ካነሳ ደግሞ ኳሷ ነጥራ ለቀላቢዎቹ ትደርሳለች። የራስ ቁር የሚባል ነገር ያኔ አልነበረም። የአውስትራሊያ ጋዜጦች ነገሩን «ቦዲላይን» አሉት። ሕጉ ውስጥ ግን የሚከለክለው አንቀጽ አልነበረም። እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ አባባሉ የተፈጠረው ልክ ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ ነው።

የዘዴው መሣሪያ ሃሮልድ ላርዉድ ነበር፤ ከኖቲንግሃምሻየር የድንጋይ ከሰል ማዕድን ወጥቶ የመጣ፣ በዘመኑ እጅግ ፈጣኑ ወርዋሪ። ቡድኑ ውስጥ እምቢ ያሉም ነበሩ። ጋቢ አለን በዚህ ዓይነት አልወረውርም አለ። ለእንግሊዝ የሚጫወተው ሕንዳዊው መስፍን፣ የፓታውዲ ናዋብም ከቀላቢዎቹ ጋር አልቆምም አለ። ሁለቱም ባለጸጎች ናቸው፤ ደሞዝ አይበሉበትም። ላርዉድ ግን በክሪኬት የሚኖር ተቀጣሪ ነው። አምበሉ «በዚህ በኩል ወርውር» ካለው ይወረውራል። ስለዚህ ታሪክ ሲወራ ይህቺ ነገር ቶሎ ስለምትታለፍ ነው አንስቼ ያለፍኳት።

ሲድኒ ላይ እንግሊዝ አሸነፈች። ሜልቦርን ላይ አውስትራሊያ መለሰች። አንድ ለአንድ ሆነው አደሌድ ገቡ።

ጥር 14፣ ቅዳሜ። 50,962 ሰው ሜዳውን ሞልቶታል። እንግሊዝ 341 ራን አስቆጥራ ጨርሳለች፤ ተራው የአውስትራሊያ ነው። አምበሉ ቢል ውድፉል ባቱን ይዞ ቆሟል። የሜቶዲስት ሰባኪ ልጅ ነው፤ ሥራው መምህርነት። ላርዉድ የወረወራት ኳስ ልቡ ላይ አገኘችው። ባቱን ጥሎ ደረቱን ይዞ ተጎነበሰ። ሕዝቡ መጮህ ጀመረ። በዚያ ጫጫታ መሃል ጃርዲን «ጥሩ ወረወርክ፣ ሃሮልድ» አለ። ይህን ያለው ማዶ የቆመው ብራድማን እንዲሰማው ነው ይባላል።

እውነቱን ለመናገር ውድፉል ሲመታ ቀላቢዎቹ በተለመደው ቦታቸው ነበሩ። ቦዲላይን አልነበረም። የሰውን ደም ያፈላው የቀጠለው ነው። ላርዉድ ለሚቀጥለው ዙር ሊንደረደር ሲል ጃርዲን አስቆመውና ቀላቢዎቹን ሁሉ ወደ እግር በኩል አዛወራቸው። ገና በቅጡ ያልተነፈሰ ሰው ላይ! ጩኸቱ ባሰበት። ሕዝቡ አጥሩን ዘሎ ይገባል የሚል ስጋት ሁሉ ነበር። ብራድማን በ8 ራን ወጣ። ውድፉልም ብዙ ሳይቆይ በ22 ወጣ።

ከዚያ በኋላ ነው ዋናው ነገር የመጣው። የእንግሊዝ ቡድን መሪ ፔልሃም ዋርነር ሊያጽናናው ወደ አውስትራሊያውያኑ መልበሻ ክፍል ገባ። ዋርነር ስለ ክሪኬት ጨዋነት ዕድሜውን ሙሉ የጻፈና የሰበከ ሰው ነው። ውድፉል ቀና ብሎ እንዲህ ሲል መለሰለት፦ «ላይዎት አልፈልግም፣ ሚስተር ዋርነር። ሜዳው ላይ ሁለት ቡድኖች አሉ። አንደኛው ክሪኬት ለመጫወት ይሞክራል፤ ሌላኛው አይሞክርም።»

ስድብ የለበትም። ድምፅ ከፍ ማድረግም የለበትም። ግን ለእንግሊዝ ጨዋ ሰው ከዚህ የከፋ ስድብ ከየት ይመጣል? ሰባኪውን በራሱ ስብከት ነው የመታው። የቀድሞዋ ቅኝ ግዛት መምህር «ይሄ ክሪኬት አይደለም» ያለው ለአባባሉ ባለቤቶች ነው። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም።

ንግግሩ ብዙም ሳይቆይ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ማን አወጣው? ተጫዋችም ጋዜጠኛም የነበረው ጃክ ፊንግልተን ተጠረጠረ። እሱ ደግሞ ብራድማን ነው አለ። ብራድማን ካደ። ሁለቱም ይህን ክርክር ይዘው አረጁ።

እሑድ ዕረፍት ነበር። ሰኞ ደግሞ በርት ኦልድፊልድ 41 ራን ላይ እያለ የላርዉድን ኳስ ሊመታ ሞክሮ በባቱ ጠርዝ ነካትና ጭንቅላቱን ተመታ፤ የራስ ቅሉ ተሰነጠቀ። ያኔም የቀላቢዎቹ አቀማመጥ የተለመደው ነበር፤ ኦልድፊልድም ጥፋቱ የራሴ ነው ብሏል። ሕዝቡ ግን ይህን ለማገናዘብ ጊዜ አልነበረውም። እንግሊዝ በ338 ራን ልዩነት አሸነፈች። ውድፉል በሁለተኛው ተራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይወጣ ቆመ፤ 73። በአጸፋው ቦዲላይን እንወርውር ያሉትንም አልሰማቸውም።

ጨዋታው ሳያልቅ ጥር 18 የአውስትራሊያ ክሪኬት ቦርድ ለንደን ወዳለው ኤም ሲ ሲ ቴሌግራም ላከ። ኤም ሲ ሲ ያኔ የክሪኬት ሕግ ባለቤትና የእንግሊዝን ቡድን የላከው ክለብ ነው። ቴሌግራሙ ውስጥ ያለው አንድ ቃል አገር አነቃነቀ፦ ድርጊቱ «ከስፖርታዊ ጨዋነት የራቀ» ነው ይላል። ካልቆመ የሁለቱን አገሮች ወዳጅነት ሊያበላሽ ይችላል የሚልም አለበት።

ለንደኖቹ ኳሷን አላዩም። ቴሌቪዥን የለም፤ የሚያውቁት ጋዜጣ ላይ ያነበቡትን ብቻ ነው። ስለዚህ የታያቸው የተሰነጠቀው የራስ ቅል ሳይሆን ቃሉ ነው። ጥር 23 በመለሱት ቴሌግራም እንዲህ ያለ ነገር አልሆነም፣ በአምበላችን እንተማመናለን፣ ከፈለጋችሁ የቀረውን ጉዞ እንሰርዘው አሉ። ጃርዲንና ተጫዋቾቹም ቃሉ ካልተነሳ አራተኛውን ቴስት አንጫወትም አሉ። ነገሩ እንደ አውስትራሊያ ያሉ ራሳቸውን የሚያስተዳድሩ የግዛቱ አገሮችን ጉዳይ እስከሚመራው የእንግሊዝ ሚኒስትርና እስከ አውስትራሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር ጆሴፍ ላዮንስ ድረስ ደረሰ። ጊዜው የዓለም ኢኮኖሚ የተንኮታኮተበት ነው፤ አውስትራሊያ ደግሞ በለንደን ባንኮች ብድር ተይዛለች። ቦርዱ የካቲት 8 ቃሉን ዋጠው። የቡድናችሁን ስፖርታዊ ጨዋነት አንጠራጠርም ሲል ጻፈ።

ለእኔ ከጠቅላላው ታሪክ የሚገርመው ይሄ ነው። ሰው ልቡ ላይ ተመትቷል፤ ሌላው ሆስፒታል ገብቷል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ድርድሩ የነበረው ግን ስለ አንድ ቃል ነው። አባባሉ ምን ያህል ክብደት እንደነበረው ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገውም።

እንግሊዝ ውድድሩን 4 ለ 1 አሸነፈች። ላርዉድ 33 መቺዎችን አስወጣ። ብራድማን አማካዩ 56.57 ላይ ወረደ፤ ለሌላ ሰው ግሩም የሚባል ቁጥር ነው፣ ለእሱ ግን ውድቀት። በዚያው ዓመት ክረምት ዌስት ኢንዲስ ማንቸስተር ላይ ያንኑ ዘዴ በእንግሊዞች ላይ ሞከሩት። ጃርዲን ዝም ብሎ ቆሞ 127 አስቆጠረ፤ በዚህ እንኳ አይታማም። የለንደን ሰዎች ግን ነገሩን አሁን በዓይናቸው አዩት፤ አልጣማቸውም። ቦዲላይን ቀስ በቀስ ተከለከለ። በ1957 ደግሞ ከመቺው ኋላ በእግር በኩል ከሁለት በላይ ቀላቢ እንዳይቆም ሕግ ወጣ።

ሒሳቡን የከፈለው ላርዉድ ነው። ይቅርታ ጠይቅ ተባለ። አምበሌ ያዘዘኝን ነው የሠራሁት፣ አልጠይቅም አለ። ከዚያ በኋላ ለእንግሊዝ አንድም ቴስት አልተጫወተም። በ1950 ሚስቱንና አምስት ሴት ልጆቹን ይዞ ተሰደደ። ወዴት? ወደ አውስትራሊያ። ጉዞውን ያመቻቸለት ያኔ ኳሱን ሲሸሽ የነበረው ፊንግልተን ነው። የሲድኒ ሰዎች ወደዱት፤ እዚያው ኖሮ በ1995 ሞተ።

አባባሉ ግን አልሞተም፤ በ2000 እንዲያውም የክሪኬት ሕግ መግቢያ ላይ «የክሪኬት መንፈስ» የሚል ክፍል ተጨመረ። ቢሆንም ጠብ አላስቀረም። ሐምሌ 2 ቀን 2023 ለንደን፣ ሎርድስ ሜዳ፣ አሁንም እንግሊዝና አውስትራሊያ። የእንግሊዙ ጆኒ ቤርስቶ ኳሷን ጎንበስ ብሎ አሳለፋት። ነገሩ ያለቀ መስሎት ከመስመሩ ወጣ። አውስትራሊያዊው አሌክስ ኬሪ ኳሷን ወርውሮ እንጨቶቹን መታ። ከመስመሩ ውጪ እያለ እንጨቶቹ ተመትተዋልና በሕጉ ቤርስቶ ወጥቷል፤ የሚያከራክር አይደለም። ሎርድስ ግን ተቀወጠ። የኤም ሲ ሲ ባለ ክራባት አባላት ሳይቀሩ ተጫዋቾቹን ለምሳ ሲገቡ ሰደቧቸው፤ ክለቡ ይቅርታ ጠይቆ ሦስት አባላቱን አገደ። አውስትራሊያ በ43 ራን አሸነፈች። የእንግሊዙ አምበል ቤን ስቶክስ በዚህ መንገድ ማሸነፍ አልፈልግም አለ። ያኔ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሪሺ ሱናክም ከእሱ ጋር እስማማለሁ አሉ።

ከ90 ዓመት በኋላ ሚናው ተገለበጠ ማለት ነው። አሁን «ሕጉ ይፈቅዳል» ባዮቹ አውስትራሊያውያን፣ «ግን ነውር ነው» ባዮቹ እንግሊዞች ናቸው። የዋርነርና የውድፉል ቦታ ተቀያየረ። አባባሉን ተሸናፊው ነው የሚያነሳው የሚል ተንኮለኛ ቢኖር ብዙም አልከራከረውም።

በ2023 ግን የባንክ ብድር አላስፈራራም፣ ቴሌግራምም አልተላከ። በዚያው ሐምሌ ሱናክና የአውስትራሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር አንቶኒ አልባኒዚ ቪልኒየስ ላይ የኔቶ ስብሰባ ላይ ተገናኙ። አልባኒዚ የቤርስቶን ፎቶ መዝዘው አሳዩ። በ2018 ኬፕታውን ላይ አንድ የአውስትራሊያ ተጫዋች ኳሷን በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፍግ በካሜራ ተይዞ፣ አምበሉና ምክትሉ አንድ አንድ ዓመት ታግደው ነበር። ሱናክ ያቺን አልረሱም። «ይቅርታ፣ የብርጭቆ ወረቀቴን ይዤ አልመጣሁም» ብለው መለሱ።