ፓሳጆ ምንድን ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ኮምቦልቻ ላይ አንዲት ተማሪዬ አምባሰል እያንጎራጎረች ነበር። ታች ላይ ድምፅዋ ሞቅ ያለ፣ ሙሉ ነው። ወደ ላይ መውጣት ስትጀምር አንድ ቦታ ላይ ቀጭ አለ። ተሰነጠቀ። ከዚያ በላይ ያለው የሌላ ሰው ድምፅ መሰለ። አፏን በእጇ ሸፈነች።

«ጋሼ፣ ጉሮሮዬ ተበላሽቷል መሰለኝ።»

ምንም አልተበላሸም። ፓሳጆዋ ላይ ደርሳ ነው።

ፓሳጆ የጣልያንኛ ቃል ነው፤ መሻገሪያ ማለት ነው። ድምፅ ከደረት ወደ ራስ የሚሻገርበት ቦታ በዚህ ስም ይጠራል። እኔ ግን ለተማሪዎቼ «ሀረጎ» ነው የምላቸው። ሀረጎ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው ዳገት ነው፤ የዚህ አገር ሰው ወዲያው ይገባዋል።

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከፍታቸው ግን ከ600 ሜትር በላይ ይለያያል። ሀረጎን የሚወጣ ሚኒባስ ሜዳ ላይ በያዘው ማርሽ ልቀጥል ካለ ሞተሩ ያቃስታል፤ ግፋ ሲል ይጠፋል። ሹፌሩ ዘግይቶ ከቀየረ ደግሞ መኪናው ይንገጫገጭና ተሳፋሪው በሙሉ ከፊቱ ወንበር ጋር ይሳሳማል። ጎበዙ ሹፌር ዳገቱ ሳይዘው ቀድሞ ይቀይራል። እናንተ ወሬያችሁን ሳታቋርጡ ደሴ ትገባላችሁ። ጉሮሮም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው።

ጉሮሯችን ውስጥ የድምፅ አውታር የሚባሉ ሁለት ትናንሽ እጥፋቶች አሉ። የአዋቂ ወንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማሉ፤ የሴት ያጥራሉ። ስንናገር የወንድ በሰከንድ 120 ጊዜ፣ የሴት 200 ጊዜ ያህል ይርገበገባሉ። አንዱ ጡንቻ ያሳጥራቸውና ያወፍራቸዋል። ሌላው እንደ ክራር ክር ይወጥራቸውና ያቀጥናቸዋል። የመጀመሪያው ሲበረታ የምንሰማው የደረት ድምፅ ነው፤ ሁለተኛው ሲበረታ የራስ ድምፅ። ስሙ አያሳስታችሁ፤ ሁለቱም የሚወጡት ከጉሮሮ ነው። ደረትና ራስ የተባሉት ንዝረቱ እዚያ ስለሚሰማን ነው። እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ ወፈር ባለ ድምፅ «አቤት» በሉ፤ ታገኙታላችሁ።

ችግሩ ያለው መሃል ላይ ነው። አንዱ ጡንቻ ቀስ እያለ ሲለቅ ሌላው ቀስ እያለ መረከብ አለበት። የመጀመሪያው አልለቅም ብሎ ሲታገል ቆይቶ ድንገት ከለቀቀ ድምፅ ይሰነጠቃል። ብዙ ወንዶች ላይ ይህ የሚመጣው ፒያኖ ላይ ከመካከለኛው ዶ በላይ፣ ሬና ፋ አካባቢ ነው። ሴቶች ሁለት ሀረጎ አለባቸው፤ አንዱ እዚያው ሚ እና ፋ ጋ፣ ሌላው አንድ ኦክታቭ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን ርቀት) ከፍ ብሎ።

የድምፅ አውታርን ሥራ ላይ እያለ በዓይን በማየት ስሙ የገነነው ሐኪም አልነበረም፤ የዘፈን መምህር ነው። ማኑኤል ጋርሲያ በ1854 እ.ኤ.አ. የጥርስ ሐኪም መስታወት ጉሮሮው ውስጥ ከትቶ፣ የፀሐይ ብርሃን በሌላ መስታወት እያበራ፣ የራሱን የድምፅ አውታር ሲንቀሳቀስ አየ። ሙያዬን ሲንቁብኝ ይህችን ታሪክ ማውራት ደስ ይለኛል።

አሁን ክላሲካልና ዘመናዊ የሚለያዩበት ቦታ ላይ ደረስን። የኦፔራ ዘፋኝ መሻገሪያው እንዲሰማ አይፈልግም። ከታች እስከ ላይ አንድ ድምፅ መምሰል አለበት። ከዘዴዎቹ አንዱ አናባቢውን ማጠጋጋት ነው፤ ወደ ላይ ሲወጡ ራብዑን «ኣ» ወደ ሳብዑ «ኦ» ጠጋ ያደርጉታል። በፊደላችን ስነግራቸው ተማሪዎቼ ቶሎ ይይዙታል።

ድሮ ኦፔራም ውስጥ እንዲህ አልነበረም። የቴኖሮች (ቀጭን ድምፅ ያላቸው ወንድ ዘፋኞች) ላይኛ ድምፅ ቀለል፣ ቀጠን ያለ ነበር። በ1837 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ዱፕሬ የሚባል ፈረንሳዊ ቴኖር በጣልያናዊው የሙዚቃ ደራሲ በሮሲኒ ኦፔራ ከፍተኛውን ዶ በደረት ኃይል ለቀቀው። ሕዝቡ አበደ። ሮሲኒ ግን ድምፁን ከሚታረድ ዶሮ ጩኸት ጋር አመሳስሎታል ይባላል።

ዘመናዊው ዘፋኝ ነፃነቱ ይሰፋል። የደረቱን ጉልበት ይዞ ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል፤ ሁለቱን ሊያደባልቅ ይችላል፤ ሲፈልግ ደግሞ ስንጥቁን ሆን ብሎ ያሰማል። ለቅሶ የመሰለች ነገር ከዚያች ትወጣለች።

ወሎዬ ዘፋኝ ይህን ለመማር ሩቅ መሄድ የለበትም። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ ስማቸው የጎረቤቶቻችን ነው። አምባሰል አምስት ድምፅ አለው፤ ሁለት ቦታ ላይ አራት አራት ግማሽ ድምፅ ይዘላል። ዝላዩ ሀረጎ ላይ ከወደቀ ደረጃ የለም፤ ወይ ትሻገራላችሁ ወይ ትሰነጠቃላችሁ። ማሪቱ ለገሰን አምባሰል ላይ ያዳመጠ ሰው ዝላዩ ሲያምር ምን እንደሚመስል ያውቃል። በኔ ጆሮ ቅላፄያችን ግማሽ ውበቱ ያለው እዚያ መሻገሪያ ላይ ነው። ክላሲካል ሲያስተምሩኝ ያንን ሁሉ ለስልሼ አጠፋሁት። ከዓመታት በኋላ አንድ ሠርግ ላይ አምባሰል ዘፍኜ አንዲት እናት «ልጄ፣ ታጥቦ የተሰጣ ነጠላ መሰልክ» አሉኝ። ንፁህ ነው፤ ለባሽ የለበትም ማለታቸው ነው። ገባኝ።

ለተማሪዬ የሰጠኋት ሥራ ቀላል ነው። ከንፈሯን እንደ ፈረስ «ፍርርር» እያደረገች ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች መንሸራተት። ወይም ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ በስትሮ እያጉረመረመች አረፋ ማውጣት። በቀን አስር ደቂቃ። በዝግታ፣ ሳትጮህ። ጩኸት ሀረጎን በአራተኛ ማርሽ በቤንዚን ብዛት ለመውጣት እንደ መሞከር ነው። ድምፁ የሚጎረንን የ14 ዓመት ልጅ ከሆነ ደግሞ ትንሽ ይታገሥ፤ መንገዱ ገና እየተሠራ ነው። ዝም ብሎ የሰለለ ድምፅ ከሦስት ሳምንት ካለፈ ግን ጉዳዩ የእኔ አይደለም፤ የጉሮሮ ሐኪም ይየው።

ትናንት ደወለችልኝ። ስንጥቁ አሁን በፈለገችው ጊዜ ብቻ ይመጣል።

«አምባሰሉ ላይ ግን ልተወው ወይስ ላጥፋው?» አለችኝ።

«አንቺ ምን ትያለሽ?» አልኳት።

«ልተወው» አለች።