ስለ ምጥ ሕመም ማስታገሻ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በድሬዳዋም በሐረርም ምጥ ክፍል ደጃፍ ላይ ከሚወሩት መካከል እናትን ወይም ልጅን ሊጎዱ የሚችሉትን መርጠናል።

«መርፌ ተወግታለች፣ አሁን ይቀልላታል»

ምጥ ክፍል ውስጥ የሚሰጥ መርፌ ሁሉ ማስታገሻ አይደለም። ከግሉኮስ ጋር ጠብ ጠብ የሚለው ኦክሲቶሲን ምጡን የሚያጠነክር መድኃኒት ነው፤ ሕመሙን ያባብሳል እንጂ አያቀልልም። ልጁ እንደተወለደ ጭን ላይ የሚወጋው 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ደግሞ ደም እንዳይፈስ ነው። ይኸው መድኃኒት ከወሊድ በፊት «ምጡ ቶሎ እንዲያልቅላት» ተብሎ ጡንቻ ላይ ከተወጋ መጠኑን መቆጣጠር ስለማይቻል ማህፀን ሊቀደድ፣ ልጁም ሊታፈን ይችላል። አዋላጇን «እህቴ፣ ይሄ ለምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

«ማስታገሻው ልጁን ያደነዝዘዋል፣ ስለዚህ ይቅርብኝ»

ግማሽ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ፔቲዲን ነው፤ ከ50 እስከ 100 ሚሊግራም ጡንቻ ላይ ይሰጣል። በ20 ደቂቃ ገደማ መሥራት ይጀምርና ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይቆያል። ሕመሙን አያጠፋም፣ ያለዝበዋል። ያቅለሸልሻል፣ እንቅልፍ ያመጣል። ለመውለድ ጥቂት ሰዓት ሲቀር ከተሰጠ ልጁ ትንፋሹ ደካማ ሆኖ ሊወለድ ይችላል፤ አዋላጇ የማህፀን በር ስንት ሴንቲሜትር እንደተከፈተ ሳታይ የማትሰጠውም ለዚሁ ነው። የትንፋሽ መርጃ ፊኛና ማስክ አጠገቧ መዘጋጀት አለበት።

«ኤፒዱራል ወገብን ለዘለቄታው ያሳምማል»

ኤፒዱራል በወገብ በኩል የሚሰጥ የምጥ ማስታገሻ ነው፤ የዘለቄታ የወገብ ሕመም እንደሚያመጣ ጥናቶች አላሳዩም። መርፌው ከወገብ በታችኛው ክፍል፣ በአጥንቶቹ መካከል ይገባና ቀጭን ቱቦ አስቀምጦ ይወጣል፤ መድኃኒቱ በቱቦው ይሄዳል። ሙሉ እፎይታ ለመስጠት 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የደም ግፊት ሊወርድ ስለሚችል በየ5 ደቂቃው ይለካል። የማማጫው ጊዜ ሊረዝም ይችላል፣ በኦፕራሲዮን የመውለድን ዕድል ግን አይጨምርም። ከ100 ሴቶች አንዷን ገደማ ብርቱ ራስ ምታት ሊይዛት ይችላል፤ ቁጭ ስትል ይብሳል፣ ስትተኛ ይቀላል፤ ሕክምና አለው። ደሟ የማይረጋ ወይም መርፌ በሚገባበት ቦታ ቁስል ያለባት ግን አይሰጣትም።

ኤፒዱራል ሰመመን ሰጪ ስለሚፈልግ በጤና ጣቢያ አይጠበቅም። ድል ጮራም፣ ሕይወት ፋናም ይሁን የግል ሆስፒታል፣ የምትወልድበትን ቦታ በመጨረሻዎቹ የክትትል ቀጠሮዎች ላይ «ትሰጣላችሁ? ሌሊትስ?» ብላ ትጠይቅ።

«መድኃኒት ከሌለ ምንም የሚደረግ የለም»

አለ፣ ብዙ። አጃቢዋ ምጡ ሲመጣ የእጇን መዳፍ ከወገብ በታች ባለው ጠፍጣፋ አጥንት ላይ አድርጋ ሳታሻሽ ትጫን፤ ምጡ ሲለቅ ትልቀቅ። ወገብ ላይ የሚጠዘጥዝ ምጥ ላይ በተለይ ይሠራል። ሞቅ ያለ ጨርቅም ጥሩ ነው፤ ኤፒዱራል በወሰደች ሴት ላይ ግን አይደረግም፣ የደነዘዘው ቦታ ሳይታወቃት ይቃጠላል። በድሬ ሙቀት ደግሞ ለግንባሯ የቀዘቀዘ ጨርቅ፣ በየምጡ መሃል አንድ ሁለት ጉንጭ ውኃ ይሻላታል። መራመድ፣ ተንበርክኮ ወደፊት መደገፍም ያግዛል። በየ2 ሰዓቱ ሽንቷን ትሽና፤ የሞላ ፊኛ ሕመሙን ያባብሳል፣ ልጁንም እንዳይወርድ ያግዳል።

«ጫት ብቅም ምጡን እረሳዋለሁ»

ጫት ልብን ያፈጥናል፣ ግፊት ይጨምራል፣ አፍ ያደርቃል። የቃመች ካለች ለአዋላጇና ለሰመመን ሰጪው ትናገር፤ ማንም አይቆጣት።

«ስፌቱ ትንሽ ነው፣ ቻይው»

አይቻልም፣ አይገባምም። በወሊድ የተቀደደው ቦታ ከመሰፋቱ በፊት ሊዶኬይን የተባለ ማደንዘዣ ይወጋል፤ 0.5 በመቶ የሆነው 10 ሚሊሊትር ያህል። መርፌው ደም ሥር ውስጥ አለመግባቱ ተስቦ ይታያል፣ 2 ደቂቃ ይጠበቃል፣ ከዚያ ቦታው በመቆንጠጫ ይነካል። ካመማት ሌላ 2 ደቂቃ ይጠበቅና እንደገና ይሞከራል።